ለብቻ የሚነበብና ለቤት የሚነበብ፦ የቱን መጽሐፍ ላስቀድም?

«ፍቅር እስከ መቃብርን ላስቀድም ወይስ ኦሮማይን?» ጅማ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይጠይቀኛል። ሄርማታ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ይጠይቀኛል። ልጇ ከስልኳ ቀና ብላ አንድ መጽሐፍ እንድትጨርስ የምትመኝ እናት ትጠይቀኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ ስለኖርኩ መልሱ አፌ ላይ ያለ ይመስላቸዋል።

እኔ ግን መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። የምታነቡት ለብቻችሁ ነው ወይስ ሰው እየሰማችሁ?

ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። መጽሐፍ የሚነበበው በዝምታ ነው ብለው ነው ያደጉት። የእኛ አገር ቤት ግን እንዲያ አይደለም። ጅማ ላይ ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ማታ ማታ ሰው ቤቱ ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል። መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለ። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይሰማል። በዚህ ሰዓት ነፍስ የሚዘራ መጽሐፍ አለ። በዚሁ ሰዓት የሚሞት፣ ለብቻ ሲነበብ ግን የማይለቅ ደግሞ አለ። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ተዉትና መጀመሪያ ይህንን ለዩ። መጽሐፍ ጀምሮ መተው የለመደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያጋጠመው መጥፎ መጽሐፍ አይደለም። የብቻውን ለቤት፣ የቤቱን ለብቻ አድርጎት ነው።

ፍቅር እስከ መቃብር ወይስ ኦሮማይ?

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚነሳው ከሁለቱ ፍቅረኞች፣ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል አይደለም። ከበዛብህ ወላጆች ነው፤ ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ ላይ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ። እንዴት እንደተጋቡ፣ ልጅ እንዴት እንዳጡ፣ በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ለምን ለቤተ ክርስቲያን እንደተሳለ፣ ይህ ሁሉ በዝርዝር ይተረካል። ብዙ ወጣት የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። «ሰብለ ወንጌል የታለች?» ይሉኛል። ሰብለ እስክትመጣ ብዙ ገጽ አለ። አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩ በየደቂቃው እየጮኸ፣ ለብቻው ለሚያነብ ሰው ያ ገጽ ይከብዳል።

እነዚያኑ ገጾች ጮክ ብላችሁ ለሰው አንብቧቸው። ሌላ መጽሐፍ ይሆናሉ። ምክንያቱ አረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው። ሐዲስ የሚጽፉት ሰው ሲያወጋ እንደሚያወራው ነው። ነገሩን ይጀምሩታል፣ ዞር ብለው ሌላ ያነሳሉ፣ ተመልሰው ይይዙታል። ዓይን እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ጆሮ ግን አይቸኩልም። ሰዎቹ ደግሞ ሲለምኑም ሲጣሉም ሲመርቁም በሙሉ አፋቸው ነው። የሰብለን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ በለሆሳስ ማንበብ አይቻልም፤ ድምፅ ይፈልጋል።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ምድሩ ጆሮውን የሰጠው ለዚህ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ጉዱ ካሣን በድምፁ ያውቁታል። አንድ ልቦለድ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ሁሉ ሲደርስ በአማርኛ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም።

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የማነብላት እኔ ነኝ። ሊሙ ነው ያደገችው። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው በገበያና በጉርብትና ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ በዘሩ እየመዘኑ ሲመልሱና ሰብለ ዕድሜዋ ሲሄድ፣ ፍንጃሉን አስቀምጣ «ተው በሉት እንጂ!» ትላለች። ለእኔ አይደለም የምትናገረው፤ ቤታቸው ላሉት ሰዎች ነው። ጎረቤት ካለ ደግሞ ክርክር ይነሳል። አባት ነው ጥፋተኛው ወይስ ወጉ? ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ንባቡ ይቆማል። ያ ግማሽ ሰዓት የመጽሐፉ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዱ ካሣ ሁሉም እያየ ዝም ያለውን የሚናገር ሰው ነው። መሬት፣ ማዕረግ፣ ዘር፣ ማን ለማን ይሰግዳል የሚለውን ሁሉ ያነሳል። መጽሐፉ የወጣው የ1966ቱ አብዮት ከመፈንዳቱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ መሆኑን ስታስቡ፣ ደራሲው ጆሯቸውን የት ላይ ጥለው እንደነበር ይገባችኋል።

ኦሮማይ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አወጣው። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው። ደርግ በኤርትራ አማጽያን ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይዞ ወደ አስመራ ይሄዳል። እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ነው የሚሄደው፤ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። መጽሐፉ ይሮጣል። አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ንግግሩ ፈጣን ነው።

ለቤት ግን አይሆንም። ጠንካራው ነገር ፀጋዬ በአፉ በሚናገረውና በሆዱ በሚያስበው መሀል ያለው ልዩነት ነው። ያንን የሚይዘው ዝምታ ነው። ሹመትና ስም የያዙ ብዙ ሰዎችም ይገቡበታል። ቡና ለመቁላት ጓዳ ገብታ የተመለሰች ሴት ማን ማን እንደሆነ ይጠፋባታል። የፍቅሩ ነገርም በእናትና በታናናሾች ፊት ለማንበብ የሚያሳቅቅ ቦታ አለው።

ለብቻ ሲሆን ግን ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰውም ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም። ሰርቦ ሳትደርሱ ክፈቱት። ከሰኮሩ በኋላ፣ ወደ ጊቤ ስትወርዱ ግን ዝጉት፤ ጠመዝማዛው ራስ ያዞራል። ወልቂጤ ላይ ትቀጥላላችሁ።

ይህ መጽሐፍ ለደራሲው ምን እንዳስከፈለው ሳያውቁ ማንበብ ትክክል አይመስለኝም። ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። የተወለደው ኢሉባቦር ነው፤ ከእኛ በበደሌ በኩል አልፎ የሚደረስበት አገር። ጅማ ላይ ያሉ አንባቢዎች እንደ ሩቅ ሰው ሲያዩት ይከፋኛል። የእኛው አካባቢ ልጅ ነው።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። ቤታችሁ የሚሰማችሁ ሰው ካለ፣ በተለይ ትልቅ ሰው ካለ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ያዙና በየማታው ጥቂት ጥቂት አንብቡ። ለብቻችሁ ከሆናችሁና ከትምህርት ቤት ወዲህ አንድም ልቦለድ ካልጨረሳችሁ ኦሮማይን አስቀድሙ። አፋችሁን የፈታችሁት በኦሮምኛ ከሆነና አማርኛን ያገኛችሁት በትምህርት ቤት ከሆነም እንደዚሁ ኦሮማይ ይቅደም። የበዓሉ አማርኛ የከተማ ነው። የጎጃሙ አማርኛ ግን በየገጹ የማታውቁት ቃል ይዞ ይመጣል፤ እሱን የሚያስረዳችሁ ሰው አጠገባችሁ ሲኖር ነው የሚጥመው።

ኦሮማይን የወደደ ቀጥሎ ምን ያንብብ?

የበዓሉ ሌሎች መጻሕፍት ሁሉም ለብቻ ናቸው። ከአድማስ ባሻገር ወይስ ደራሲው ለሚለው፣ ዕድሜያችሁንና ሥራችሁን እዩ። ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. የወጣ ነው። አበራ ወርቁ ደህና ሥራ አለው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ቤተሰብ አንድ ነገር ይጠብቅበታል፣ እሱ ሌላ ይፈልጋል። ተመርቆ ቢሮ ገብቶ «ይኸው ነው እንዴ?» እያለ ያለ ወጣት ይህን ያንብብ። ደራሲው ደግሞ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። ዋናው ሰው ሲራክ የተቀረጸው ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር መሆኑ በሰፊው ይነገራል። የማይጽፍ ሰው ሊሰለቸው ይችላል፤ የሚጽፍ ሰው ግን እየደጋገመ ይመለስበታል።

ከባዶቹ፦ አደፍርስና ግራጫ ቃጭሎች

እነዚህን ሁለቱን «ሞክሬ አቃተኝ» ያላለ አንባቢ ጥቂት ነው። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ አከባበዳቸው ግን አንድ አይደለም።

የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ በ1962 ዓ.ም. ነው የታተመው። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው። ሸዋ ገጠር ሄዶ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ይከራከራል፤ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ባህል፣ ስለ ሥልጣኔ። ቃላቱ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። የመልክዓ ምድሩን ገለጻ ለብቻችሁ ስታነቡት ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ እየሄደ አእምሯችሁ ሌላ ቦታ ይገኛል።

መፍትሔው ብዙ ሰው የማይሞክረው ነው፤ አደፍርስን በጋራ አንብቡት። ሦስት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ አደፍርስን ይናገር፣ ሌላው ሽማግሌውን፣ ሌላኛዋ ወይዘሮ አሰጋሽን። አንዱ ደግሞ የትረካውን ክፍል ይያዝ። መጽሐፉ በአብዛኛው ክርክር ስለሆነ ወዲያው ይከፈታል። ለብቻችሁ ስታነቡ ደረቅ የመሰላችሁ ንግግር በሁለት ሰው አፍ ሲወጣ ይሞቃል። ሌላም ነገር ታያላችሁ፤ ደራሲው ለአደፍርስ አላደላም። ልጁ ብዙ ያውቃል፤ ሰው መስማት ግን አይችልም። ይህ ዛሬም ቡና ላይ በምንጨቃጨቀው ጭቅጭቅ ውስጥ አለ። ተመርቀው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ለተመለሱ ልጆች ሁሉ ይህን መጽሐፍ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ለወላጆቻቸውም ጭምር።

ግራጫ ቃጭሎች ሌላ ነው። አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ነው። መዝገቡ የሚባል ልጅ ሲያድግ እናያለን። አዳም ትንሽ ነገር ላይ ይቆማል። ሌላ ደራሲ በአንድ መስመር የሚያልፈውን ምግብ፣ ሽታ፣ ግድግዳ፣ የሰው ፊት፣ እሱ እየዞረ ያየዋል። ይህን ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። «ከዚያስ» የሚባልበት መጽሐፍ አይደለም። ለብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠዋት ላይ ወይም ሌሊት፣ አምስት ስድስት ገጽ እያነበቡ ወደ ኋላ እየተመለሱ የሚነበብ ነው። አዳም ሕጽናዊነት ብሎ በሰየመው አጻጻፉ አንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር በብዙ ክር ይተሳሰራል። ስለዚህ ከማስታወስ ጋር የሚሠራ አንባቢ ይፈልጋል።

ዝምታ የማታገኙበት ቤት ከሆናችሁ አዳምን አሁን አትጀምሩ። መጽሐፉም ይበደላል፣ እናንተም «እኔ አንባቢ አይደለሁም» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ቤተ መጻሕፍት የምትቀመጡ ተማሪዎች ከሆናችሁ ግን አሁን ነው ጊዜያችሁ። እንዲህ ያለ ረጅም ጸጥታ ሥራ ከተያዘ በኋላ ለማግኘት ከባድ ነው። ግራጫ ቃጭሎች ካስፈራችሁ ማህሌት ከሚለው የአጫጭር ልቦለድ መድበሉ ጀምሩ። የዓይኑን አስተያየት እዚያ ትለምዳላችሁ።

ጊዜ ለሌለው

አጭር ነገር የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጦቢያ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው ነው። ትንሽ መጽሐፍ ነች፤ በአንድ ከሰዓት ታልቃለች። ወንድ መስላ የምትጓዝ ቆንጆ ልጅ፣ ጦርነት፣ መለያየት፣ መገናኘት፣ ሁሉም አለበት። አማርኛው የድሮ ስለሆነ ለብቻ ይጎረብጣል፤ ጮክ ሲባል ግን ተረት ይሆናል። ለቤት ጦቢያን እመርጣለሁ።

ለብቻ የስብሐትን አጫጭር ታሪኮች። የስብሐት አማርኛ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያወራ ያህል ቀላል ነው። ስለዚህ «ለቤት አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። አንዳንዱ ይሆናል። ሌቱም አይነጋልኝን ግን ልጆች ባሉበት አታውጡት። የአዲስ አበባውን የውቤ በረሃን ሌሊት ያለ መጋረጃ የሚያሳይ ሥራ ነው። አዋቂ ለብቻው ያንብበው፤ ለማፈር ሳይሆን ሰዎቹን በደንብ ለማየት።

ቴዎድሮስን በየትኛው?

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ልቦለድ ለሚጠይቀኝ የብርሃኑ ዘርይሁንን የቴዎድሮስ እንባና የአቤ ጉበኛን አንድ ለናቱ አቀርባለሁ። የብርሃኑ አጭርና ጥድፊያ ያለው ነው። የአቤ ወፍራምና ሰፊ ነው። ንጉሡን ከልጅነቱ ጀምሮ መከተል ለሚፈልግና ትዕግሥት ላለው አንድ ለናቱ ይሻላል። ለሌላው ሁሉ ብርሃኑ ይበቃል። ጮክ ብሎ ለማንበብ ከሆነ ግን ከሁለቱም በላይ የፀጋዬ ገብረመድኅን ተውኔት ነው የሚመረጠው፤ ሲጻፍም ለአፍ ነውና።

ልጆች ያሉበት ቤት

ለልጆች ከበደ ሚካኤል። ሌላ አማራጭ ፈልጌ ከታሪክና ምሳሌ የሚሻል አላገኘሁም። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፣ ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ልጅ ሁለቴ ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል። አንዳንድ ወላጅ ምክሩ በዛ ይላል። እኔ ልጆቹ ምክሩን ሲያስታውሱ አላየሁም። የሚያስታውሱት እንስሳቱንና የቃሉን ምት ነው። እሱ ደግሞ ለአማርኛ ጆሮ መሠረት ነው። ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ላደጉ ልጆች ይህ በተለይ ይጠቅማል።

ልጁ ከፍ ሲል እሳት ወይ አበባ ይመጣል። ይህ የፀጋዬ የግጥም መድበል በ1966 ዓ.ም. የወጣ ነው። ፀጋዬ ቤት የሚባለው ስንኝ ረጅም ነው፤ ትንፋሽ ይጠይቃል። በዝምታ ያነበበው ሰው «አልገባኝም» ብሎ ያስቀምጠዋል። ቆማችሁ በሙሉ ድምፅ አንብቡት። ትርጉሙ ወዲያው ባይገባችሁ እንኳን የት ላይ መቆም እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ከበደ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ፣ ፀጋዬ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። የሁለቱን ተራ አታዛቡ።

ቤታችሁ ውስጥ ኦሮምኛ ካለ ደግሞ የልጆቹን ንባብ በአማርኛ ብቻ አትገድቡት። እዚሁ አጠገባችን ያለውን የሊሙ እናርያን ታሪክ ልንገራችሁ። አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ከሊሙ እናርያ በባርነት ተወስዳ፣ ባሕር ላይ ነፃ ወጥታ፣ ኤርትራ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮምኛ ተረቶችና ዘፈኖች ከአእምሮዋ ጻፈቻቸው። ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኢሉባቦር የተወለደው አናሲሞስ በእሷ ርዳታ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. ወጣ። የልጅነት ጆሮ ምን ያህል እንደሚይዝ ለሚጠራጠር ሰው እሷን እጠቅሳለሁ። ለልጆቻችሁ ተረት ስታነቡም ስትነግሩም፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ይህን አስቡ።

ትርጉም መጽሐፍ ይሻላል ወይስ የራሳችን?

ይህንን የሚጠይቀኝ ብዙውን ጊዜ «የእኛ ሁሉ ሐዘን ነው» የሚል ወጣት ነው። አልስማማም፤ ግን ጥያቄውን አከብራለሁ። ከትርጉም አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ነገም ሌላ ቀን ነውን እመርጣለሁ። ዋናው የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል ነው፤ በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚካሄድ። ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ነው። እንግሊዝኛው መጽሐፍ እስረኞቹ እጅ ገባ። ማንበብ የማይችሉ እስረኞች ነበሩ፤ ነቢይ እየተረጎመ ያነብላቸው ነበር። ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ጻፈው፤ የሚፈቱ እስረኞች እየደበቁ አወጡት።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ያንን ትርጉም ለብቻችሁ ብቻ ማንበብ ይከብዳችኋል። ሲወለድ ለሰሚ የተወለደ ነው፤ ሲነበብም ያስታውቃል። ረጅም ነው፤ አንድ ክረምት ይወስዳል። ለጅማ ክረምት ግን ልኩ ነው። የጥቁር ባሪያዎችን ሕይወት ያቀረበበት መንገድ ግን በጌቶቹ ዓይን ነው። እዚያ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ተነጋገሩበት። በቤት የማንበብ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ትረካ?

በድምፅ የሚሰማ ትረካ ለብዙ ሰው በር ከፍቷል። እጁ ሥራ የያዘ ሰው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይስማ። የወጋየሁን ድምፅ ያልሰማ ሰው ፍቅር እስከ መቃብርን ጮክ ብሎ ከማንበቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቢሰማው እመክራለሁ፤ የት መፍጠን፣ የት መዘግየት እንዳለበት ይማርበታል። አዳም ረታን ግን በትረካ አትጀምሩት።

በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ ስካን የተደረገ ነው። ከዚህም ሌላ ገጽ ይጎድለዋል፣ መስመር ይቆረጣል፣ ፊደል ይደበዝዛል። ደራሲው በሕይወት ካለ መጽሐፉን ግዙት። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከመጽሐፍ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ያችን መንፈግ ቀጣዩን መጽሐፍ መከልከል ነው። አቅም ካነሰ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አዋጡና አንድ ግዙ። ወይም ተዋሱ።

አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ሽፋኑን አትመልከቱ። መሀሉን ክፈቱ። ጅማ ውስጥ የመጽሐፍ ጠላት እርጥበት ነው። ገጾቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ፣ ጠርዛቸው ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ካለ፣ ስታሸትቱት ጓዳ ጓዳ ካለ ሻጋታ ይዞታል። እሱን ካመጣችሁ ቤት ላሉትም ያጋባል። ከዚያ የገጽ ቁጥሩን ተከታተሉ። በጥራዙ መሀል አሥራ ስድስት ገጽ ተዘሎ፣ ወይም ያው ክፍል ሁለቴ ተሰፍቶ ታገኛላችሁ። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ከሆነ ደግሞ በጣም የደበዘዘውን ገጽ ፈልጋችሁ እሱን አንብቡ። እሱ ከተነበበ ሌላው ይነበባል። ለእናት ወይም ለአባት የምትገዙት ከሆነ የፊደሉን መጠን ከሌላ ኅትመት ጋር አስተያዩ፤ አንዱ መጽሐፍ በተለያየ ጊዜ በትልቅም በደቃቅም ፊደል ታትሞ ሊገኝ ይችላል፣ ዋጋውም ይለያያል።

ቤት ስታስቀምጡት የውጭ ግድግዳ ላይ አታስጠጉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ሲወጣ አውጥታችሁ ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ አናፍሱት፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ሳይሆን በረንዳ ላይ። ስታውሱ ደግሞ የተዋሰውን ሰው ስምና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። ፍቅር እስከ መቃብር ከሆነ ስልክ ቁጥሩንም ጨምሩ።